ዓሣን ማኖርም በብልሃት ነው

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



ስለ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር ተነጋግረን ካበቃን በኋላ ስለ ዓሣ እንድንናገር መታዘዛችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። «እድር የቀባሪ ማኅበር ነው፤ ዓሣን ምን አመጣው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ወደ መጨረሻው ላይ እንሰጣለን። ለጊዜው ግን በየሳሎናችን እየታየ ስላለው ስለ ዓሣ ገንዳ፣ አኳሪየም ስለሚባለው ማለት ነው፣ በተለይም ተክል ስለሚተከልበት ዓይነት፣ ሥራውንና ጥንቃቄውን እናስረዳለን።

እንደሚታወቀው ሰፈራችን ሰንጋ ተራ ስሙን ያገኘው ከሰንጋ ገበያ ነው። ዛሬ በዚሁ ሰፈር ሰንጋ ቀርቶ ዶሮ ለማርባት የሚሆን ግቢ ያለን ጥቂቶች ነን። በ2009 ዓ.ም. የ40/60 ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ከመጀመሪያዎቹ ሳይቶች መካከል የሰንጋ ተራው ይገኝበት ነበር። ከእኛም ውስጥ ፎቅ የገባን፣ ራቅ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄደን ለእድር ብቻ የምንመለስ አለን። ፎቅ ላይ ያለ ቤት ግቢ የለውም። ልጆች ግን ሕይወት ያለው ነገር ማየት ይወዳሉ፤ ጡረታ ወጥተው ቤት የሚውሉ ወላጆቻችንም ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት ይሻሉ። የዓሣ ገንዳ ወደ ቤታችን የገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን እንዲህ ነው። ቅዳሜ ዕለት ገንዳው፣ ዓሣውና ተክሉ ባንድነት ተገዝተው ይመጣሉ፤ ውኃው ከቧንቧ ተቀድቶ ይሞላል፤ ልጆቹ እየተሻሙ ምግብ ይበትናሉ። በሦስተኛው ቀን ውኃው ይደፈርሳል። ያን ጊዜ «ቆሽሿል» ተብሎ ሁሉም ነገር ይወጣና በሳሙና ታጥቦ እንደገና ይሞላል። በሳምንቱ ዓሣው በጎኑ ተንሳፎ ይገኛል። ልጅ ያለቅሳል፤ ወላጅ ሌላ ይገዛል፤ እሱም ይሞታል። በመጨረሻ «ዓሣ እኛ ቤት አይበረክትም» ይባልና ገንዳው ቁም ሣጥን ላይ ወጥቶ አቧራ ይጠጣል።

ይህ የዕድል ጉዳይ አይደለም። ዓሣው የሞተው እጅ ስላልቀናው ሳይሆን በገዛ ቆሻሻው ስለ ተመረዘ ነው። ጠባቂ አጥቶም አይደለም፤ እንዲያውም ጽዳት በዝቶበት ነው። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የተባለው ለሌላ ነገር ቢሆንም እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል።

ባጭሩ የምንለው ይህ ነው፤ ዓሣውን ሳይሆን ውኃውን ጠብቁ፤ ውኃውንም አልፎ አልፎ በሚደረግ ትልቅ ጽዳት ሳይሆን በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ ጠብቁ። የእድርን ነገር ለምናውቅ ሰዎች ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። እድር የሚቆመው አንድ ባለጸጋ አንድ ቀን በሚሰጠው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን በየወሩ በሚዋጣው ጥቂት ገንዘብ ነው።

በውኃው ውስጥ የሚካሄደው ሥራ

ዓሣ የሚተነፍሰውም፣ የሚበላውም፣ ቆሻሻውን የሚያስወግደውም በአንድ ውኃ ውስጥ ነው። ሐይቅ ሰፊ ስለሆነ ይችለዋል፤ የመስታወት ገንዳ ግን ጠባብ ነው። ከዓሣው የሚወጣው ቆሻሻና ሳይበላ የቀረው ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል ነገር ይፈጠራል። አሞኒያን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያልተጠበቀ የሕዝብ ሽንት ቤት በር ሲከፈት ዓይን የሚቆጠቁጠው ሽታ እሱ ነው። በገንዳ ውስጥ ግን ሳይሸተን፣ ውኃውም ጥርት ብሎ እየታየ፣ በጥቂቱ ይገድላል። ስለዚህ የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ውኃ ነው ብሎ ነገር የለም።

መድኃኒቱ እዚያው ገንዳው ውስጥ ነው። በአሸዋው፣ በድንጋዩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እነዚህ አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም ገና መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ናይትሬት ግን ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ነው። እንዲያውም ለተክል ምግብ ነው። ተክሉ የቻለውን ይወስዳል፤ የተረፈውን እኛ ውኃ በመቀየር እናስወጣዋለን። የዓሣ ገንዳ ምሥጢር ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ባክቴሪያዎቹ ታዲያ ባንድ ቀን አይመጡም። በአዲስ ገንዳ ውስጥ በበቂ መጠን እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ውኃው ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም ይዘገያል። ስለሆነም መጀመሪያ አሸዋውንና ተክሉን ማስገባት፣ ቀጥሎ ጤናማ ዓሣ ካለበት ከቆየ የጎረቤት ገንዳ ቁራጭ ስፖንጅ ወይም አንድ እፍኝ አሸዋ ሳይደርቅና ሳይታጠብ ተቀብሎ መጨመር ያስፈልጋል። ዓሣው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም አንድ ሁለት እያለ። ይህ እርሾ ከጎረቤት ተቀብሎ ሊጥ እንደ ማብኳት ያለ ነው። ገንዳውንና ስፖንጁን በሳሙና ያጠበ ሰው እርሾውን ደፋ ማለት ነው፤ ሊጡ አይቦካለትም።

ተክልና ዓሣ አብረው እንዴት እንደሚኖሩ በሙከራ ካሳዩት ሰዎች አንዱ ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሰው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1849 ለንደን ውስጥ በአንድ የመስታወት ዕቃ ሁለት ትናንሽ ወርቃማ ዓሦችንና ቫሊስኔሪያ የሚባለውን ሣር መሰል የውኃ ተክል አኖረ። ጥቂት እንደቆየ የረገፈው ቅጠል እየበሰበሰ ውኃውን አበላሸበት። እሱ ግን ሁሉን ደፍቶ በማጠብ ፈንታ የበሰበሰ ቅጠል የሚበሉ የኩሬ ቀንድ አውጣዎች ጨመረ፤ ውኃውም ጠራ። ውጤቱን በ1850 ለለንደን የኬሚስትሪ ማኅበር አስታወቀ። በ1853 በለንደን የእንስሳት ማቆያ ሕዝብ የሚጎበኘው የዓሣ ቤት ተከፈተ። በዓመቱም ፊሊፕ ጎስ የተባለ ጸሐፊ ባሳተመው መጽሐፍ አኳሪየም የሚለው ቃል በሰፊው ታወቀ። ከዚህ የምንማረው ውኃ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን በሰበሰ?» ተብሎ እንጂ «ምን እንድፋ?» ተብሎ አለመሆኑን ነው።

የከተማችን ውኃና አየር

ከውጭ አገር በመጣ መመሪያ ላይ የተጻፈው ሁሉ እንዳለ አዲስ አበባ ላይ አይሠራም። ሦስት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው ክሎሪን ነው። የከተማችን ውኃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣ ሲሆን ለሰው ጤና ሲባል በክሎሪን ይታከማል። ለእኛ ደኅንነት የሆነው ክሎሪን የዓሣውን መተንፈሻ ያቃጥላል፤ እርሾ ያልናቸውንም ባክቴሪያዎች ይገድላል። ስለዚህ ከቧንቧ በቀጥታ ወደ ገንዳ መጨመር አይገባም። ውኃውን አፈ ሰፊ በሆነ ባልዲ ሳይከድኑ ቢያንስ 24 ሰዓት ማሳደር፣ አልፎ አልፎም ማማሰል ነው። ክዳኑ በተዘጋ ጀሪካን የቆየ ውኃ ክሎሪኑ በደንብ አይወጣለትም። ባልዲው ለዓሣው ብቻ የተመደበ ይሁን፤ ሳሙና ወይም በረኪና የነካው ዕቃ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሁለተኛው የአገራችን ከፍታ ነው። ሰፈራችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ መሆኑን፣ ባቄላም ቶሎ የማይበስለው ስለዚህ መሆኑን እናቶች በሥራ ያውቁታል። በዚሁ ምክንያት ውኃችን የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ አገር ካለው ውኃ ሩብ ያህል ያንሳል። እንግዲህ መጽሐፍ «አሥር ዓሣ» ካለ እኛ ሰባት ብንል ይሻላል። የማጣሪያው ውኃ ከላይ እየተንጠባጠበ የገንዳውን ገጽ ማነቃነቅ አለበት። ተክል ቀን ብርሃን ሲያገኝ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እሱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይወስዳል። ጠዋት በማለዳ ዓሦቹ ሁሉ ከውኃው ገጽ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን የሚከፍቱ ከሆነ አየር አጥሯቸዋል ማለት ነው።

ሦስተኛው ብርድ ነው። በክረምትና በኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቶች ቤታችን ይቀዘቅዛል። ጋፒ የሚባለው ባለ ቀለም ጅራት ትንሽ ዓሣ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሙቀት ይወዳል፤ ስለዚህ የገንዳ ማሞቂያና ቴርሞሜትር ያስፈልገዋል። ወርቃማው ዓሣ ብርድ ይችላል፤ ነገር ግን ሲያድግ ከአንድ ስንዝር ያልፋል፣ ቆሻሻውም ብዙ ነው፣ ለስላሳ ተክል ይበላል፣ አሸዋ ይቆፍራል። በክብ ብርጭቆ ውስጥ ወርቃማ ዓሣ ማኖር ደግሞ ጭራሽ ለጌጥ ብሎ ማሠቃየት ነው። ተክል ላለበት አነስተኛ ገንዳ ጋፒ፣ ወይም ብርድ የሚችለው ባለ መስመር ዳኒዮ ይመረጣል።

ስለ ተክሉ

ለጀማሪ ሁለት ተክል ይበቃል። አንደኛው ከላይ ያነሳነው ቫሊስኔሪያ ሲሆን ሥሩ በአሸዋ ይተከላል፤ የሥሩና የቅጠሉ መገናኛ ግን መቀበር የለበትም፣ ይበሰብሳል። ሁለተኛው ሴራቶፊለም ይባላል። በጣና ሐይቅም የሚበቅል ሲሆን ሥር ስለሌለው ዝም ብሎ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ቶሎ ስለሚያድግ ቆሻሻ በመሳብ የሚያህለው የለም። በየቤቱ በጠርሙስ ውኃ የምናሳድጋት ሐረግም ሥሯን ብቻ ገንዳው ውስጥ፣ ቅጠሏን ከውጭ ብናደርግ ናይትሬቱን ትስባለች።

አሸዋው የወንዝ አሸዋ ሊሆን ይችላል፤ ውኃው ጥርት እስኪል በባልዲ ደጋግሞ ማጠብ ነው። ድንጋይ ከመግባቱ በፊት ጥቂት አቼቶ ይንጠብበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና ውኃውን ይለውጣል፤ ይቅር።

ብርሃን ከመጠን በላይ ከሆነ የሚጠቀመው ተክሉ ሳይሆን አልጌ ነው፤ መስታወቱን አረንጓዴ የሚያለብሰው ማለታችን ነው። ገንዳውን ፀሐይ በቀጥታ ከሚገባበት መስኮት ማራቅ፣ አምፑሉንም በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ማብራት ይበቃል። ለምሳሌ ያህል ከቀኑ 9 ሰዓት አብርቶ ከምሽቱ 3 ሰዓት ማጥፋት ይቻላል፤ ቤተሰቡም ያኔ ነው ቁጭ ብሎ የሚያየው።

የየቀኑ፣ የየሳምንቱና የየወሩ ሥራ

በየቀኑ የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ነው። ዓሦቹን መቁጠር፤ አንድ ከጎደለ ፈልጎ ማግኘት፤ የሞተ ዓሣ ተክል ሥር ከቆየ ገንዳውን ሁሉ ይመርዛልና። ቴርሞሜትሩን ማየት። ማጣሪያው መፍሰሱን ማየት። ምግብ በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ ብቻ መስጠት። ዓሣ ሁልጊዜ የራበው ይመስላል፤ ይህ ጠባዩ ነው እንጂ ረኃብ አይደለም። በአገራችን እንግዳን «ብላልኝ» ማለት ወግ ነው፤ ለዓሣ ግን «ብላልኝ» ማለት መግደል ነው።

በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። 60 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ካለን ሩቡን፣ ይኸውም 15 ሊትር ውኃ እንቀይራለን። አንዲት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እንኳ አይሞላም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም ቢሆን ይህ አይከብድም። በመጀመሪያ ማሞቂያውንና ማጣሪያውን ከሶኬት መንቀል፤ ማሞቂያው እስኪበርድ ሩብ ሰዓት መጠበቅ፤ ያለዚያ ከውኃ ሲወጣ ይሰነጠቃል። መስታወቱን ሳሙና ባልነካው ስፖንጅ ከውስጥ መጥረግ። የቢጫና የበሰበሰ ቅጠል መቁረጥ። ከዚያም በቀጭን ጎማ ከአሸዋው ላይ ያለውን ቆሻሻ እየሳቡ ዝቅ ወዳለ ባልዲ ማውረድ። ጎማውን በአፍ መምጠጥ አይገባም፤ ውኃ ሞልቶ ሁለቱን ጫፍ በአውራ ጣት ይዞ አንዱን ገንዳው ውስጥ፣ ሌላውን ባልዲው ውስጥ መልቀቅ ነው። በመጨረሻ ያደረውን ውኃ ቀስ አድርጎ መጨመር። በጣም የቀዘቀዘ ከሆነ ጥቂት የፈላ ውኃ ጨምሮ ከገንዳው ሙቀት ጋር ማቀራረብ ይገባል።

የወጣው ውኃ አይደፋም። ናይትሬት ያለበት ስለሆነ በረንዳ ላይ ላለው በሶብላና ጤና አዳም ከማዳበሪያ ይቆጠራል።

በየወሩ ደግሞ የማጣሪያውን ስፖንጅ አውጥቶ፣ ከገንዳው በወጣው ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ መመለስ። በቧንቧ ውኃ ማጠብ ክልክል ነው፤ ምክንያቱን ቀደም ብለን ተናግረናል። ተክሉ ከበዛ መከርከም። የገንዳውን ማዕዘናት በእጅ ዳስሶ እርጥበት መኖር አለመኖሩን ማየት። ሥራው ሲያልቅ እጅን በሳሙና መታጠብ፤ እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ግን ሌላ ሰው ይተካ፤ በዓሣ ውኃ ውስጥ ቁስል የሚያመረቅዝ ተሕዋስ ሊኖር ይችላልና።

ሁለት ነገሮች በገንዳው አጠገብ አይደረጉም። አንደኛ ፍሊት አይነፋም፤ ለበረሮና ለትንኝ የተሠራው መርዝ ለዓሣም መርዝ ነው። ሁለተኛ የከሰል ምድጃና ዕጣን ከአየር ፓምፑ ይራቅ፤ ፓምፑ የክፍሉን አየር ጢሱንም ጨምሮ ውኃው ውስጥ ይነፋዋል። ቡና እናፍላ፣ ግን ራቅ አድርገን።

ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ክብደት

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ውኃና ኤሌክትሪክ አንድ ቦታ ሲሆኑ የሚሞተው ዓሣ ብቻ አይደለም። እጅ ወደ ውኃ ከመግባቱ በፊት ሁሉም ነገር ከሶኬት ይነቀል። ማከፋፈያው ከገንዳው በታች ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ከፍ ብሎ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ዘንበል ብሎ እንዲንጠለጠል ይደረግ፤ ውኃ በገመዱ ላይ ቢወርድ ከዝቅተኛው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። የተላጠ ገመድ በፕላስተር እየተጠቀለለ አይሠራበትም።

60 ሊትር ውኃ ብቻውን 60 ኪሎ ነው። መስታወቱና አሸዋው ሲጨመር ከ75 ኪሎ አያንስም። ስለዚህ ሕፃን ተንጠልጥሎ ሊጎትተው በሚችል የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በማይነቃነቅ፣ ደልዳላ ቦታ፣ ግድግዳ አስጠግቶ ማስቀመጥ ይገባል።

መብራት ሲጠፋ መደንገጥ አያስፈልግም። ዓሣውን አትመግቡ። በየሰዓቱ አንድ ኩባያ ውኃ ከገንዳው እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ማንቆርቆር አየር ያስገባል። ብርድ ከሆነ ገንዳውን ከጎኑ በብርድ ልብስ መጠቅለል ነው። መብራቱ ግማሽ ቀንና ከዚያ በላይ ጠፍቶ ከቆየ ስፖንጁ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አየር አጥተው መሞት ይጀምራሉ፤ ስለዚህ ማጣሪያውን ዝም ብሎ ከማስነሳት በፊት ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል።

ወደ ወንዝ አይጣል

ጋፒ በየወሩ ገደማ ይወልዳል። ተክሉም ይበዛል። የተረፈውን «ነፃ እናውጣው» ብሎ ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ጽድቅ የሚመስለው ሰው አለ። ነገሩ ጽድቅ አይደለም። የእምቦጭን ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ሲሆን ሐምራዊ አበባው ስለሚያምር በብዙ አገር ለኩሬ ጌጥ ተብሎ የተወሰደ ነው። በአገራችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ታየ፤ በ2011 ደግሞ ጣና ሐይቅ ላይ መግባቱ ታወቀ። ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ በእጁ እየነቀለ ስንት ዘመን እንደ ደከመ ታውቃላችሁ። ጣና ደግሞ በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ ከአሥር የሚበልጡ የዓሣ ዝርያዎች ያሉበት ሐይቅ ነው።

የከተማችን ወንዞች የሚወርዱት ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽና ወደ ቆቃ ነው። ከሰንጋ ተራ የተጣለ ነገር እዚሁ አይቀርም። ስለሆነም የተከረከመ ተክል በፀሐይ ይድረቅና አበባ ማሰሮ ውስጥ ይቀበር፤ የተረፈ ዓሣ ለጎረቤት ይሰጥ። እምቦጭን ደግሞ ከነጭራሹ ቤታችን አናስገባው፣ አበባው ምንም ቢያምር።

ታዲያ እድር ውስጥ ዓሣን ምን አመጣው?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ጡሩምባ በተነፋ ዕለት ስለ ዓሣ የሚያስብ የለም፤ እንዲያስብም አይጠበቅበትም። ለቀስተኛ ይገባል፣ ሶፋው ይወጣል፣ ፍራሽ ይነጠፋል። አንዱ ለቡና ማፍያ ወይም ለስልክ ሶኬት ሲፈልግ የገንዳውን ይነቅላል። ሕፃናት ቆሎና ዳቦ ይጥላሉ፤ ትልቅ ሰውም «እነዚህ ፍጥረቶች ምን በደሉ፣ ተርበው እንዳያድሩ» ብሎ በርኅራኄ የምግቡን ቆርቆሮ ይገለብጥባቸዋል። በሰልስቱ ውኃው ይሸታል።

ገንዳውን ይንከባከቡ የነበሩት ሟቹ ራሳቸው ሲሆኑስ? በየቀኑ ጠዋት ዓሣ ይቆጥሩ የነበሩ አባት ወይም እናት ሲያርፉ፣ ከእሳቸው እጅ የቀረው ሕይወት ያለው ነገር በዚያው ሳምንት ይሞታል። ልጆቹ ከቀብር ተመልሰው እሱንም ሲያዩ ሐዘኑ በሐዘን ላይ ይሆናል። ይህ የሚደርሰው ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ምን እንደሚደረግ የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ስለ ነበሩ፣ እውቀቱም ከእሳቸው ጋር ስለ ሄደ ነው። እድር ማለት ደግሞ አንድ ሰው ሲጎድል ሥራው እንዳይወድቅ ሌላ እጅ የሚደርስበት ነገር ነው። እኛ ሥራውን በቀንና በሳምንት ከፋፍለን የነገርናችሁ ማንም ጎረቤት ተቀብሎ ሊይዘው የሚችል ቀላል ሥራ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ስለዚህ የዓሣ ገንዳ ያለን አባላት ሁሉ አንድ ወረቀት ጽፈን በገንዳው ጎን እንድንለጥፍ እናሳስባለን። ወረቀቱ እንዲህ ሊል ይችላል፦

«ሶኬቱን አትንቀሉ። ምግብ አትስጡ፤ ለአንድ ሳምንት ባይበሉም አይሞቱም። ከሳምንት በኋላ በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ጣት የሚቆነጠር ብቻ ስጡ። መብራት በ9 ሰዓት ይበራል፣ በ3 ሰዓት ይጠፋል። እሑድ ዕለት ሦስት አራተኛ ጀሪካን ውኃ ወጥቶ ያደረ ውኃ ይጨመር። ስፖንጁን በሳሙና አትጠቡ። የዓሦቹ ቁጥር ይህን ያህል ነው። አደራ የተሰጠው ጎረቤት እገሌ ነው።»

ጤነኛ ትልቅ ዓሣ ለአንድ ሳምንት ሳይበላ መቆየቱ እውነት ነው፤ የተክል ገንዳ ከሆነ ደግሞ አልጌውንና ጥቃቅኑን ነገር ይለቃቅማል። ለክርስትና፣ ለሠርግ ወይም ለንግሥ አገር ቤት የሚሄድ ሰውም በዚሁ ደንብ ሊጠቀም ይችላል።

ከዚህም ሌላ በእድራችን ዕቃ ቤት ከድስቱና ከወንበሩ ጎን አንድ ንጹሕ ባልዲ፣ ሁለት ሜትር ጎማና አንድ ቴርሞሜትር እንዲቀመጥ፣ «የዓሣ ብቻ» ተብሎም እንዲጻፍበት ጉባኤውን እንጠይቃለን። ሐዘን በደረሰበት ቤት ገንዳ ካለ፣ ድንኳን የሚተክሉት ወጣቶች ሲሄዱ ወረቀቱን አንብበው አደራ ተቀባዩን ጎረቤት እንዲጠሩ፣ የምግቡንም ቆርቆሮ ከፍ ካለ ቦታ እንዲያስቀምጡ ይታዘዝልን። ወጪው ጥቂት ነው። አዲስ ገንዳ የሚጀምር አባል ካለም እርሾ የሚሆን ስፖንጅና አሸዋ፣ የተከረከመ ተክልና የተረፈ የጋፒ ግልገል ከእኛ ዘንድ በነፃ ያገኛል፤ ዓሣውን ከመግዛቱ አምስት ሳምንት ቀድሞ ብቻ ይንገረን።

ዓሣን መብላት በብልሃት ነው ይባላል፤ ማኖሩም እንዲሁ ነው። ብልሃቱም በሳምንት አንድ ባልዲ ያደረ ውኃና አንድ የሚያውቅ ጎረቤት ነው።